ከባሕር ማዶ የመጣ ዕውቀት፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር በማለዳ የሚያልፍ ሰው ወደ አለርት ሆስፒታል የሚጎርፈውን ሕመምተኛ ሳያይ አይቀርም። ይህ ሆስፒታል ቀድሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. ግን ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል የማገገሚያና የማሠልጠኛ ማዕከል እንዲሆን ተደረገ። ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች ሠርተውበታል፤ ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎችም ተምረውበታል። በበሩ ላይ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ግን ሐኪሙ በየትኛው አገር እንደተማረ አይጠይቅም። እርሱ የሚፈልገው የሚያድነውን እጅ ብቻ ነው።

እኛም ይህን የምንጽፈው ከዚሁ ሆስፒታል አጥር ብዙ በማይርቅ ቤት ተቀምጠን ነው። በጎረቤታችን አንድ ወጣት አለ። በባሕር ማዶ ስድስት ዓመት ሙሉ ሕክምና ተምሮ የተመለሰ ነው። ዲፕሎማው ከአገር ውስጡ ትምህርት ጋር አቻ መሆኑ ተመርምሮ እስኪረጋገጥለት ድረስ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን ማኅተም ጎደለ ይባላል፤ ሌላ ቀን ትርጉሙ አልተረጋገጠም ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ፋይሉን የያዘው ጸሐፊ ፈቃድ ወጥቷል። እናቱ ማታ ማታ ቡና ሲያፈሉ ምን እንደተባለ በዓይናቸው ይጠይቁታል እንጂ በአፋቸው መጠየቁን ትተውታል።

ለፍርድ ያህል የሹሙንም ነገር መናገር ይገባል። የሰው ነፍስ የሚያዝበትን ሥራ ለመጣው ሁሉ ዝም ብሎ መስጠት አይቻልም። በዓለም ሁሉ በሐሰት ወረቀት ሐኪም ነኝ፣ መሐንዲስ ነኝ የሚል ሰው አልጠፋም። ስለዚህ መመርመር ግዴታ ነው። ነገር ግን መመርመርና ማንገላታት አንድ ነገር አይደሉም። የዚህን ጉዳይ ምንነት ስናሰላስል አንድ ታላቅ ሰው ትዝ አሉን። እኚህ ሰው ዘመናዊ የሕክምና ትምህርት ተምረው በማዕርግ በመመረቅ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የመጀመሪያው መሆናቸው የሚነገርላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል፤ የኑሯቸውን ውጣ ውረድ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። በዚያ ሁከት መካከል ከወላጆቹ የተለየ አንድ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ተገኘ። ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን ሕፃኑን ይዘውት ወደ ሕንድ ሄዱ። በዚያው ዘመቻ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ልዑሉ ገና በወጣትነቱ በ1872 ዓ.ም. በሰው አገር አረፈ። ስሙ ያልታወቀው ሕፃን ግን ዕድሜ ተሰጠው።

በሕንድ ሳለ ኮሎኔል ማርቲን የሚባሉ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻሉለት። ከሁለቱም መኮንኖች ስም ተወስዶ ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ በላሆር ከተማ ወደሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ገባ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ተመረቀ። በዚህ ጊዜ ዕድሜው ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። አማርኛን ፈጽሞ ረስቶታል። አባቱ ያወጡለትን ስም አያውቅም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሐበሻ መሆኑንና ከመቅደላ መምጣቱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። በዚያ ዘመን የላሆር ዲፕሎማ በእጁ የያዘ ሰው በሕንድ ውስጥ ረዳት ሐኪም ለመሆን ይችል ነበር። ከፍ ወዳለው የሕክምና ማዕርግ ለመድረስ ግን በእንግሊዝ አገር መዝገብ የተመዘገበ ሐኪም መሆን ያስፈልግ ነበር። እንግሊዞች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ባወጡት ሕግ የሐኪሞችን ስም የሚይዝ መዝገብ አቁመው ነበርና፣ በዚያ መዝገብ ያልገባ ሰው በሕግ ፊት ሙሉ ሐኪም አይባልም። በሕንድ ኮሌጆች የተሰጠ ማዕርግ በዚሁ መዝገብ ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ከ1892 ጀምሮ ሲሆን፣ በ1930 ደግሞ ተመልሶ ተከለከለ። ሕንዶችም በዚህ እጅግ ተቆጥተው ከሦስት ዓመት በኋላ የራሳቸውን የሕክምና ምክር ቤት በሕግ አቋቋሙ። እንግዲህ የውጭ ዲፕሎማን የመመዘን ጣጣ ዛሬ የተጀመረ፣ በእኛም አገር ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስለን።

ወጣቱ ሐኪም በዚህ አጥር ፊት ቆሞ አላለቀሰም። ጥቂት ዓመታት በሥራ ላይ ከቆየ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻገረ። በኤዲንብራ እንደገና ተማሪ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ፈተናውንም አልፎ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ የቀዶ ጥገና ሐኪምነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ አገር በሐኪምነት ተሾመ። አሁን ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ደመወዙም መልካም ነው። ሰውየው ግን የማን ልጅ እንደሆነ ገና አላወቀም።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ሆነ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ በርማ ሲደርስ ያ የመቅደላ ሕፃን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር። አገሩን ለማየት ቆረጠ። ፈቃድ ጠይቆ ገንዘቡን አጠራቅሞ በሐረር በኩል ተጉዞ በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ በኋላ እኛም እርሳቸው እንበላቸው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና ድንኳንና ጎጆ የበዛባት አዲስ ከተማ ነበረች። ከዓድዋ በኋላ ቁስለኛውን ለመርዳት ከመጡት ከሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በስተቀር ሕዝቡ የሚያውቀው ወጌሻን፣ መድኃኒት አዋቂንና ጠበልን ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ድንኳናቸውን ተክለው የመጣውን ሕመምተኛ ያለ ዋጋ ማከም ጀመሩ። ከሕመምተኛው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። መልካቸው ሐበሻ፣ ልብሳቸው ፈረንጅ፣ አንደበታቸው እንግሊዝ ነበርና ሕዝቡ ተገረመ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም የዚህን እንግዳ ሰው ታሪክ ሰምተው በመልካም ተቀበሏቸው።

ወሬው በከተማው ሲሰማ አንዲት አሮጊት መጥተው ይህ የጠፋው የልጅ ልጄ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በቃል ብቻ አይታመንምና ማስረጃ ተፈለገ። አሮጊቷም ሕፃኑ በልጅነቱ በገላው ላይ የቀረበትን ጠባሳ በየቦታው ለይተው ተናገሩ። ሲታይ ጠባሳው እንደተናገሩት ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቀን ቻርልስ ማርቲን አያታቸውን አገኙ፤ ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸውንም ዐወቁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኛ ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር የሚያስደንቀን ነገር አለ። ለእኚህ ሰው ሦስት ልዩ ልዩ ማስረጃ ተጠይቆባቸዋል። እንግሊዞች ፈተናና መዝገብ ጠየቁ። አያታቸው ጠባሳ ጠየቁ። የአዲስ አበባ ሕመምተኛ ደግሞ መዳንን ጠየቀ። ሦስቱም የጠየቁት ተገቢ ነገር ነበር፤ ሦስቱም ያገኙትን ማስረጃ ተቀብለዋል። አንዳቸውም ነገ ተመለስ እያሉ ዕድሜያቸውን አልበሉባቸውም።

ሐኪም ወርቅነህ በ1893 ዓ.ም. በሶማሌ በኩል በተደረገው ዘመቻ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራቸው ገና አላለቀም ነበርና ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ወደ አዲስ አበባ መጥተው የዐፄ ምኒልክን ሕመም ከተከታተሉት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። የዚያን ጊዜው ነገር ቀላል አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ዙሪያ የየሌጋሲዮኑ ፉክክር ነበረ። እርሳቸውም በደም ኢትዮጵያዊ ቢሆኑ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከእንግሊዝ ነበርና በጥርጣሬ የሚመለከታቸው ሰው አልታጣም። በሁለት አገር መካከል የቆመ ሰው ሁለቱም ወገን የእኛ ነው ሊሉት ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም የእነዚያ ነው ይሉታል።

ጡረታቸው ደርሶ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ነበር። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደዋል። አማርኛንም በጎልማሳነታቸው እንደ ተማሪ ተቀምጠው ተምረዋል፤ ከመማርም አልፈው የዓለምን ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው አሳትመዋል። ይህን ነገር ከባሕር ማዶ ተምረው ለሚመለሱ ወጣቶች ደጋግመን ልንነግራቸው እንወዳለን። ዕውቀት በውጭ ቋንቋ ብቻ ተቀምጦ ከቀረ ለባለቤቱ ጌጥ ይሆን ይሆናል እንጂ ለአገር እንጀራ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ የተሰጧቸውን ሥራዎች ብንቆጥር ይበዛሉ። የፍልውሃን መታጠቢያ አደራጁ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች ክርክር በሚታይበት በልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀመጡ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ከአንድ የኒውዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። በዚያው ጉዟቸው ሐርለም በሚባለው የጥቁር ሕዝብ ሰፈር ተገኝተው፣ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። የአዛዥነትን ማዕርግ ተቀብለው ጨርጨርን በገዙ ጊዜም በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን አደረጉት፤ መንገድ አሠሩ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ሹሙ ከባላገሩ ላይ በሚቀበለው ሳይሆን በደመወዝ እንዲኖር የሚያደርገው አዲስ ሥርዓት በእርሳቸው አገር ተሞከረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ ለማለፍ አልቻልንም። እኚህ ሰው በሁለት ክፍለ ዓለም የተማሩት ሕክምና ነበር። አገራቸው ግን ዳኛ፣ አገረ ገዢና መልእክተኛ አደረገቻቸው። በእርግጥ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበርና አንዱ ሰው የአሥሩን ሥራ ቢይዝ አያስነቅፍም፤ ያም አገልግሎት ታላቅ ነው። ነገር ግን ቀዶ ጥገና የሚያውቀው እጅ ማኅተም ሲመታ በዋለ ቁጥር በድንኳኑ ደጅ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሰውን ማክበርና ሙያውን በቦታው ማዋል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬም የተማረውን ሰው ስንቀበል ወንበር ብንሰጠው የምናከብረው ይመስለናል፤ ክብሩ ግን የተማረውን እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ሄዱ። ያ በሕፃንነታቸው ማርኮ የወሰዳቸው መንግሥት አሁን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መልእክተኛ አድርጎ ተቀበላቸው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ደርሶ ነበር። እርሳቸው ግን በየአዳራሹ እየቆሙ የአገራቸውን በደል ለእንግሊዝ ሕዝብ አስረዱ፤ ለቁስለኛው መድኃኒትና ገንዘብ ለመኑ። በግንቦት ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሎንዶን ሲገቡ በባቡር ጣቢያው ቆመው ከተቀበሏቸው መካከል እኚሁ ሽማግሌ ነበሩ።

ሁለቱ ልጆቻቸው ቤንያሚንና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ በሰው አገር በሰላም መኖር እየቻሉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተማሩ ወጣቶችና የጦር መኮንኖች ተሰባስበው ካቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋጉ። በኋላም በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ሕዝቡን ሲጨፈጭፉ የተማረውን ወጣት በተለይ እየለቀሙ ገደሉት። ቤንያሚንና ዮሴፍም በዚያው ተረሸኑ።

ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል። ጠላት ዲፕሎማቸው ከየትኛው ኮሌጅ እንደወጣ፣ ማኅተሙ የተሟላ መሆን አለመሆኑን አልጠየቀም። የተማረ ኢትዮጵያዊ ለአገሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ዓይን አይቶ ዐውቆታልና። እኛ የራሳችንን ልጅ ዋጋ ለማወቅ ከጠላታችን የዘገየን እንደሆነ ያሳፍረናል።

ሐኪም ወርቅነህ የልጆቻቸውን ሞት በስደት ሰሙ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ በጸጥታ አሳለፉ። በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በተወለዱበት በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከዚያም ከዐሥር ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር ግዴታ የማይሆንበት ዘመን እርሳቸው ካለፉ በኋላ ጀመረ። ቢሆንም ባሕር ተሻግሮ የሚማረው ወጣት ዛሬም ብዙ ነው፤ ተምሮ በዚያው የሚቀረውም ብዙ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታላቅ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለያዛችሁ ወጣት ሹማምንት አንድ ነገር እንላለን። የአሮጊቷን ጥበብ ያዙ። እርሳቸው ማስረጃ የሚሆነውን ነገር ለይተው ያውቁ ነበር፤ በአንድ ቀን ተመለከቱ፤ እውነቱን ባዩ ጊዜ ልጁን አቀፉት። የሚፈለገው ወረቀት ምን ምን እንደሆነ አስቀድሞ በአንድ ገጽ ተጽፎ በበሩ ላይ ቢለጠፍ፣ የማያጠግብ ወረቀት የያዘውም በቶሎ ቢፈተንና የጎደለው ትምህርት ይህ ነው ተብሎ ቢነገረው፣ ሐሰተኛው ይያዛል፣ እውነተኛውም ጊዜው አይባክንም። የለም የሚል ፈጣን መልስ እንኳ ነገ ተመለስ ከሚል ዓመት ይሻላል።

ለተማሪዎችም የምንለው አለ። ሐኪም ወርቅነህ አንድ ዲፕሎማ በእጃቸው ሳለ ሁለተኛውን ፈተና አልናቁም። ቋንቋቸውን ረስተው ሲመጡ እንደገና ለመማር አላፈሩም። በአስተርጓሚም ቢሆን ከማከም አልቦዘኑም። የተመለሰ ተማሪ ባሕር ማዶ መኖሩን እንደ ማዕርግ ቆጥሮ አገሬ ትወቀኝ ብሎ ብቻ ቢቀመጥ አይበቃውም፤ እርሱም አገሩን ሊያውቃት ይገባል።

ትናንት ማታ ከሥራ ስንመለስ ጎረቤታችንን በደጁ አገኘነው። የሰፈሩ ሕፃን ወድቆ እጁ ታጥፎ ነበርና አጥንቱ እንዳይነቃነቅ በካርቶንና በነጠላ ጠርዝ እየደገፈ ያስርለት ነበር፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱት አዘዘ። የልጁ እናት አመስግነው ሄዱ። የእርሱ እናት ደግሞ ጀበናውን ይዘው በበሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን ይመለከቱ ነበር። በላስቲክ የተጠቀለለው ወረቀት በመስኮቱ ደፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ሰኞ ጧት ይዞት ይወጣል።